ጆሮ አላጣንም፤ ክር ነው ያጣነው

ነገሩን ከአንዲት ልጅ እንጀምር።

የአንዳችን ታናሽ እህት ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ። ‹‹ክራር መማር እፈልጋለሁ›› አለች። ‹‹ጊታር አይሻልሽም?›› ያላት ዘመድ አልጠፋም፤ ‹‹ኪቦርድ ነው የሚያዋጣው›› ያላትም ነበር። እኛ ደግሞ የባህል ነገር ሲነሣ ደረታችንን የምንነፋ ሰዎች ነንና ተጠራርተን አዋጣን፤ ከአንድ የባህል ዕቃ መሸጫም ክራር ገዛንላት። ክራሩ ሲያዩት ያምራል። ቀንበሩ ላይ ዛጎል፣ ገበቴው ዙሪያ ጨሌ፣ ቆዳው ላይ ሥዕል። ስድስቱም ክሮች ቀጥ ብለው ተወጥረዋል። ፎቶ አነሣነው፤ ከሥሩም ‹‹ባህላችን ኩራታችን›› ብለን ጻፍንና ለጠፍነው።

ልጅቷ ሦስት ወር ተማረች። ሦስት ወር ሙሉ የተማረችው ግን ክራር መምታት ሳይሆን ክራር መቃኘት ነው። ወፍራም ድምፅ የሚሰጠውን ክር ስታስተካክል ይረግብባታል፤ ቀጭኑን ስታጠብቀው ይበጠስባታል። ‹‹ስመታው ድምፁ ይንቀሳቀሳል›› ትላለች፤ የሚሰማት የለም። በመጨረሻ አስተማሪዋ እናቷን ጠርቶ ‹‹ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግን የሙዚቃ ጆሮ የላትም›› አላቸው። ልጅቷም ክራሯን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እኛም አመንን። ጆሮ ያልተሰጠው ሰው ይኖራል፣ አይደል?

እስቲ ጉዱን ስሙ። አንድ እሑድ ጎረቤታቸው የሆኑ አዛውንት ለቡና መጡ። በወጣትነታቸው ክራር ይጫወቱ የነበሩ ሰው ናቸው። ክራሩን ከግድግዳው አወረዱት። አልመቱትም። ክሮቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉና ሳቁ።

‹‹የኔ ልጅ፣ ጆሮሽስ ደህና ነው። ግን ስድስቱም አንድ ዓይነት ክር ናቸው። በዚህ እኔም አልቃኝ፤ ካሳ ተሰማም ቢነሣ አይቃኝ።››

‹‹ታዲያ ምን ይሻላል አባባ?››

‹‹ክር ነዋ!››

በሳምንቱ የተለያየ ውፍረት ያለው ክር ይዘው መጡ፤ እየለኩ አሰሩላት። ጥቂት ቀን ‹‹ይርገብ፣ ይለመድ›› ብለው አስታገሷት። ከዚያ ልጅቷ ብቻዋን ቁጭ ብላ ትዝታን ቃኘች። ጆሮ ነበራት። ያልነበራት ክር ነው።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ተናደን ነው። የተናደድነው በአንድ ሰው ላይ አይደለም፤ በአንዲት አባባል ላይ ነው። ክራሩን ወደ ገዛንበት ቤት ተመልሰን ‹‹ለምንድን ነው ስድስቱም አንድ ዓይነት የሆኑት?›› ብለን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ ‹‹ኧረ ባካችሁ፣ ክር ክር ነው›› የሚል ነበር። ይህችን አባባል ከዚያ ወዲህ ስንት ቦታ እንደሰማናት! ከሻጭ ሰማናት፤ ከአዘጋጅ ሰማናት፤ ከሙዚቀኛም ሰማናት። የሚያሳፍረው ደግሞ እኛም ሳንናገራት አምነንባት መኖራችን ነው። አለበለዚያማ ክራር ስንገዛ ጨሌውን ቆጥረን ክሩን ሳናይ ባልወጣን ነበር።

ክር ክር አይደለም

አንድ የተወጠረ ክር ምን ያህል ቀጭን ወይም ወፍራም ድምፅ እንደሚሰጥ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ርዝመቱ፣ ውጥረቱ እና ክብደቱ። ፈረንሳዊው ማሪን መርሰን ይህን እ.ኤ.አ. በ1636 በመጽሐፍ አስፍሮታል። አዲስ ግኝት አይደለም ለማለት ነው።

ጊታር የሚጫወት ሰው ጣቱን እየጫነ ክሩን ያሳጥረዋል፤ ከአንድ ክር ብዙ ድምፅ ያወጣል። ክራር ላይ ግን እያንዳንዱ ክር በዋናነት የራሱን አንድ ድምፅ ይዞ የሚቀመጥ ነው። የስድስቱም ርዝመት ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን የሚሸከሙት ውጥረቱና ክብደቱ ብቻ ናቸው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ባለ ስድስት ክር ክራር ላይ አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ በኦክታቭ ይደግመዋል። ይኼ ማለት ቀጭኑ ድምፅ ከወፍራሙ ሁለት እጥፍ ይርገበገባል ማለት ነው። ስድስቱም ክሮች ከአንድ ጥቅል የተቆረጡ ከሆኑ፣ ያንን ሁለት እጥፍ ለማግኘት ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። አራት እጥፍ! እንግዲህ አንደኛው ክር ሊበጠስ ሲያቃስት፣ ሌላኛው በሩብ ጉልበት ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። የረገበ ክር ደግሞ ጠንከር አድርገው ሲመቱት መጀመሪያ ድምፁ ከፍ ይልና ቀስ እያለ ይወርዳል። ልጅቷ ‹‹ይንቀሳቀሳል›› ስትል የነበረው ለካ እውነቷን ነው። ጆሮ የሌለው ሰው ይህን አይሰማም። የሰማችው እሷ፣ ጆሮ የላትም የተባለችውም እሷ!

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ውጥረቱ ለሁሉም እንዲቀራረብ ከተፈለገ ውፍረቱ ይለያይ። ከአንድ ዓይነት ናይለን የሚሠራ ከሆነ፣ በኦክታቭ የሚወርደው ክር ውፍረቱ ሁለት እጥፍ ይሁን። ለምሳሌ ቀጭኑ 0.60 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወፍራሙ 1.20፤ ከወፍራሙ በአምስተኛ ከፍ የሚለው ደግሞ 0.80 ይሆናል። የተቀሩት በመካከል ይደረደራሉ። ቁጥሮቹ እንደ ክራሩ ርዝመትና እንደ ዘፋኙ ድምፅ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ መርሑ ግን አይለወጥም። ውፍረቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጥቅሉ ላይ ተጽፏል። ካልተጻፈም ካሊፐር የሌለው ቶርኖ ቤት የለም፤ ሄዶ ማስለካት ነው።

‹‹ክር ክር ነው›› ማለት ‹‹ጫማ ጫማ ነው›› ብሎ ለአባትም ለሕፃንም አንድ ቁጥር እንደ መግዛት ነው።

‹‹ባህላዊ ስለሆነ ያምርበታል››

ሁለተኛዋ የማንወዳት አባባል ይህች ናት። ‹‹የባህል መሣሪያ ስለሆነ ትንሽ ቢዛነፍ ምን አለበት? እንዲያውም ለዛ ይሰጠዋል›› ይሉናል። ምስጋና ትመስላለች፤ ስድብ ናት። ‹‹አባቶቻችሁ በግምት ይጫወቱ ነበር›› ማለት ነውና።

አባቶቻችን በግምት አልተጫወቱም። በገናን ተመልከቱ። አሥሩ አውታሮች የሚዘጋጁት ከበግ አንጀት ነው፤ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ተገምዶ፣ ደርቆ። እያንዳንዱ አውታር ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባበታል። ያ የምናውቀው የበገና እዝዝታ የሚመጣው ከዚያ ነው። በገና ደርዳሪው ያንን ቁራጭ ቆዳ በፀጉር ስንዝር ፈቀቅ እያደረገ፣ አውታሩ እንደሚፈልገው እስኪናገርለት ድረስ ይደክማል። አስተውሉ፤ ለባዕድ ጆሮ ‹‹ጉድለት›› የሚመስለው እዝዝታ እንኳ ተለክቶ የሚቃኝ ነው!

ቅኝቶቻችንንም ተመልከቱ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሙሉ ትዝታን ወደ ግማሽ ትዝታ የሚለውጠው ምንድን ነው? ሁለት ድምፆች በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለታቸው ነው። በቃ፤ ሌላው ባለበት ይቆያል። በዚያች ፈቀቅታ ግን ሰው ፈገግታውን ትቶ ይተክዛል። ግማሽ ድምፅ ለይቶ የሚያለቅስ ሕዝብ ‹‹ቢዛነፍም ያምርበታል›› አይባልም። ግዴለሽነት ባህላችን አይደለም። ግዴለሽነት የእኛ የዚህ ትውልድ ፈጠራ ነው፤ ለአባቶቻችን አናሸክማቸው።

ናይለንን የምትረግሙ ወገኖች

እዚህ ላይ ደግሞ ከወዲያኛው ጫፍ የሚነሡ አሉ። ‹‹ድሮ ክራር በጅማት ነበር። ናይለን ገብቶ ገደለው። ወደ ጅማት ካልተመለስን ክራር የለንም›› የሚሉ። ለእነዚህ ወገኖች አክብሮት አለን፤ ጅማትና አንጀት የሚሰጡት ድምፅ ሙቀት እንዳለው አንክድም። አሁንም በጅማት የሚያሥር ካለ እጁን ይባርከው። ግን ክስ ሲመሠረት ተከሳሹን መለየት ጥሩ ነው።

ናይለን ክር ያልገባበት አገር የለም። አሜሪካኖቹ ናይለንን ለዓለም ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አንጀት ለሐኪም ቤት የቁስል መስፊያ ተፈለገና የጊታር ክር ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ኒውዮርክ ውስጥ ጊታር ይሠራ የነበረው አልበርት ኦገስቲን ናይለንን ለጊታር ማላመድ የጀመረው። የስፔኑ ሊቅ አንድሬስ ሰጎቪያም ተቀበለው። እስከ ዛሬ ድረስ ክላሲካል ጊታር የሚጫወተው በናይለን ነው። ‹‹ናይለን ጊታርን ገደለ›› ሲባል የሰማ አለ?

የዩኩሌሌን ታሪክም እንጨምር። አሁን አሁን አዲስ አበባ ውስጥም በየስልካችን የምናያት፣ አንዳንዶቻችንም የገዛናት ትንሿ ባለ አራት ክር መሣሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1879 ከፖርቱጋሏ ማዴይራ ደሴት የተነሡ ስደተኞች ሬቨንስክራግ በምትባል መርከብ ሆኖሉሉ ሲደርሱ ማሼቴ የሚባል የአገራቸውን መሣሪያ ይዘው ነበር። አብረዋቸው የመጡ አናጢዎች ሃዋይ ውስጥ ያንን አሻሽለው ዩኩሌሌን ሠሩ። ዕድሜዋ ገና 150 ዓመት አልሞላም። እሷም በአንጀት ክር ጀምራ ወደ ናይለን ዞረች። ዛሬ ብዙ ተጫዋቾቿ የሚመርጡት ፍሎሮካርበን የሚባለውን ክር ነው። ፍሎሮካርበን ምንድን ነው? የዓሣ ማጥመጃ ክር! ከናይለን በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ለአንድ ዓይነት ድምፅ ቀጠን ያለው ይበቃል፤ ውኃም እንደ ናይለን አይመጥም።

ተመልከቱ እንግዲህ። የሃዋዩም ተጫዋች፣ የእኛም ክራር መቺ የሚቀዱት ከአንድ ጥቅል ነው፤ ከዓሣ አጥማጁ። ልዩነቱ የት ላይ ነው? የዩኩሌሌ ክር ሲገዛ በፓኬት ነው። ለሶፕራኖ ነው፣ ለኮንሰርት ነው ወይስ ለቴነር? የሚለው ተጽፎበታል። አራቱ ክሮች ለየብቻ፣ የትኛው የት እንደሚታሰር የታወቀ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለክቶላቸዋል። እኛ ግን ከአንዱ ጥቅል ስድስት ጊዜ ቆርጠን እናሥራለን። ችግሩ ክሩ የዓሣ ማጥመጃ መሆኑ አይደለም። ዓሣ አጥማጁ እንኳ የሚይዘውን ዓሣ ክብደት አይቶ ነው ክር የሚመርጠው። እኛ ከዓሣ አጥማጅ ያነሰ ጥንቃቄ ነው ለክራር ያደረግንለት።

‹‹በቃ ብረት ይግባበት!››

የጊታር ብረት ክር ገዝቶ ክራሩ ላይ መወጠርም መፍትሔ የሚመስለው አለ። ኤሌክትሪክ ክራርን አንቃወምም፤ ለብረት ታስቦ የተሠራ ከሆነ መድረክ ላይ ድንቅ ነው። የምንቃወመው ለጅማትና ለናይለን የተሠራን ክራር በብረት ማሰቃየትን ነው። ብረት ከናይለን ሰባት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ውፍረቱ እኩል የሆነ ብረት ያንኑ ድምፅ እንዲሰጥ ከተፈለገ ሰባት እጥፍ ገደማ ይጎትታል። ቀጭን ብረት ቢመረጥም ጉተታው እንዲሁ የሚገመት አይደለም። ቀንበሩ ይጎብጣል፤ ብርኩማው ቆዳውን ይጫነዋል፤ አንድ ቀን ‹‹ጧ›› ይልና ‹‹የአበሻ ዕቃ!›› ተብሎ ይሰደባል።

‹‹ማይክ ላይ እንዲሰማ ነው›› ለሚሉም መልስ አለ። በማግኔት የሚሠራ ፒክአፕ ብረት ይፈልጋል፤ እውነት ነው። ርግብግቡን የሚቀበል ፒየዞ ፒክአፕ ግን ለናይለንም ይሠራል። ክራሩን ሳይሆን ፒክአፑን መቀየር ይቻላል።

ከታሰረ በኋላ

ክር መርጦ ማሰር ግማሹ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ መንከባከብ ነውና ከአዛውንቱም፣ ከራሳችን ስሕተትም የተማርነውን እንናገር።

ክሩን ከማሰራችሁ በፊት ፈትኑት። ቁራጩን በሁለት እጅ ወጥራችሁ፣ አንድ ሰው መሐሉን ይምታው። ሲርገበገብ ግራና ቀኝ ሁለት ጥርት ያሉ መስመሮች ከታዩ ክሩ ውፍረቱ ወጥ ነው። የተድበሰበሰና የተወላገደ ነገር ከታያችሁ ጣሉት፤ መቼም አይቃኝላችሁም። ክር ስትቀይሩ አንድ በአንድ ቀይሩ። ብርኩማው ቆዳው ላይ የቆመው በክሮቹ ጫና ነው፤ ሁሉንም በአንዴ ከፈታችሁ ይወድቃል፣ ቦታውንም ታጡታላችሁ። ብርኩማው ላይ ክሩ የሚቀመጥበት ቦታ ስለት ካለው በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርጉት፤ ክር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚበጠስ ከሆነ ጥፋቱ የክሩ አይደለም።

አዲስ ናይለን ለጥቂት ቀናት እየተለጠጠ ይረግባል። ‹‹ተበላሸ›› ብላችሁ አትፍረዱ፤ በየቀኑ ቃኙት፣ በጣታችሁም ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። ነገ ሠርግ ላይ ለምትጫወቱ ግን ዛሬ ማታ ክር አትቀይሩ። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ላብና አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ክራርን ፀሐይ ላይ ወይም በሩ በተዘጋ መኪና ውስጥ አትተዉ። በክረምት ቅኝቱ ከወረደ ክሩን ከመስደባችሁ በፊት ቆዳውን ዳስሱት፤ ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ብርኩማውም ዝቅ ይላል። ክሩ በጥፍር ሲዳሰስ ከሻከረ፣ ከተደፈጠጠ ወይም ድምፁ ከደነዘዘ ጊዜው አልፏልና ቀይሩት። እስኪበጠስ አትጠብቁ።

ለጨሌው ከፍለን ለክሩ ስንከራከር

‹‹እናንተ ደግሞ! ሕዝቡ የሚበላው አጥቶ እናንተ ስለ ክር?›› የሚል ጠያቂ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። የክራር ዋጋ ውስጥ ትንሹ ወጪ ክሩ ነው። ለዛጎሉ፣ ለጨሌው፣ ለሥዕሉ ከፍለናል። ለመድረኩ መብራትና ለባነሩ የሚከፍል አዘጋጅ ለክር ሲጠየቅ ‹‹በጀት የለንም›› ይላል። ይኼ ድህነት አይደለም፤ ምርጫ ነው። ክራርን የሚታይ እንጂ የሚሰማ ነገር አላደረግነውም። እንግዳ መቀበያ ውስጥ የተሰቀሉትን ክራሮች እስቲ ጠጋ ብላችሁ ምቷቸው። ስንቶቹ ይናገራሉ?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ክራር ሠሪዎች ሆይ፣ ከክራሩ ጋር ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር የተሰጠው፣ ውፍረቱ የተጻፈበት የክር ፓኬት ሽጡልን፤ ትርፉን እንክፈላችሁ። አስተማሪዎች ሆይ፣ የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ክር ማሰር አድርጉት፤ ‹‹ጆሮ የለህም›› ከማለታችሁ በፊት የልጁን ክራር አንድ ጊዜ በራሳችሁ እጅ ቃኙት። ገዢዎች ሆይ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ ክሮቹ ውፍረታቸው ይለያያል? ከምን የተሠሩ ናቸው? ሲበጠስ ከየት አገኛለሁ? ሻጩ ‹‹ክር ክር ነው›› ካላችሁ ቦርሳችሁን ዝጉና ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።

እኛም ከራሳችን ጀምረናል። ያንን ‹‹ባህላችን ኩራታችን›› ያልንበትን ፎቶ አውርደነዋል። ልጅቷንም ይቅርታ ጠይቀናታል። ጆሮ የላትም ሲባል ‹‹እስቲ መጀመሪያ ክሩ ይታይ›› ያላለ ሰው ሁሉ ይቅርታ ሊጠይቃት ይገባል፤ እኛም አላልንምና። እሷ ግን ቂም አልያዘችም። አሁን ባቲን እየተማረች ነው። ባለፈው ሳምንት ልንጠይቃት ሄደን የአንዳችንን ክራር ከቦርሳው አወጣች፣ ክሮቹን በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገችና እንደ አዛውንቱ ሳቀችብን።

ልክ ናት። ሦስተኛውና አራተኛው ክር አንድ ናቸው። ዛሬ ማታ እንቀይራቸዋለን።